ታዲያ ማን ቃኘው?

ዶክተር ልየው መሞቱን የሰማሁት ከመሥሪያ ቤታችን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። «ብርሃንን በቺፕ ላይ የቃኙት አንጋፋ ተመራማሪ ዶክተር ልየው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ» ይላል። ከሥሩ የሚያለቅስ ፊት የለጠፈው ሰው ብዛቱ! ግማሾቹ እኮ ኮሪደር ላይ ሲያገኙት ሰላም ላለማለት ስልካቸውን የሚጎረጉሩ ነበሩ። ዛሬ እንባቸው ጎርፍ ሆነ። ጉድ እኮ ነው።

እኔን ያናደደኝ ግን እንባው አይደለም፤ «የቃኙት» የምትለዋ ቃል ናት። ሰውዬው የመጨረሻዎቹን አራት ዓመታት የኖረው «ብርሃኑን የቃኘሁት እኔ አይደለሁም» እያለ ነው። ለዳይሬክተሩ ተናግሯል፣ ስብሰባ ላይ ቆሞ ተናግሯል፣ ጥናቱን ላሳተመለት መጽሔት ጽፏል። አፉ እስኪዘጋ ጠብቀው መልሰው ለጠፉበት። ሊሞት ሰሞን ደግሞ «ሙሉቀን፣ ስሞት ቀብሬ ላይ ያንን ነገር እንዳያነቡብኝ» ብሎ እኔን ቃል አስገብቶኛል። ቃል የሚያስገባው ሰው አጥቶ!

ሙሉቀን ማለት እኔ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ የምርምር ማዕከል፣ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ዶክተር ልየው አለቃዬ ነበር። ፊት ለፊት አንቱ፣ ዞር ሲል አንተ እለው ነበር፤ ልማድ ሆኖብኝ ይኸው ሞቶም እንደዚያው ነው የምጽፈው።

እውነቱን ልናገር፣ አልወደውም ነበር። ቁመቱ አጭር፣ ከረባቱ ረጅም። ቅዳሜ ሳይቀር ከረባት ያስራል። ባጃጅ ሲሳፈር ባለባጃጁ እያየው መቀመጫውን በመሀረብ ይጠርጋል። ሻይ ቤት ሲቀመጥ የአስተናጋጇን እንግሊዝኛ ያርማል፤ ምን አግብቶት! የተበላሸ ስልክ ብታሳየው፣ የልጅህን የፈተና ወረቀት ብታሳየው፣ አንገቱን ሰገግ አድርጎ «እስቲ ልየው!» ይላል። ስሙን እየጠራ ይሁን ዕቃውን እየጠየቀ አይታወቅም። ካየው በኋላ ደግሞ ያለ እሱ የሚያውቅ የለም። እኛም ከኋላው «ልየው ልየው» እያልን እንስቅበት ነበር።

ሥራውን ለእንግዳ ሲያስረዳ ብታዩት! ውጭ አገር ያሉ አጋሮቹ የላኩለትን ቺፕ በማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጦ ይጀምራል። «በዚህች ከጥፍር በማትበልጥ ነገር ውስጥ ከፀጉር የቀጠነ የመስታወት ቦይ አለ። ውኃ በቦይ እንደሚሄድ ብርሃን በዚህ ይሄዳል። ቦዩ አንድ ቦታ ለሁለት ይከፈልና ወደፊት ተመልሶ ይገናኛል። አንደኛው ቦይ ላይ ማሞቂያ ሽቦ ተዘርግቷል። ቦዩን ሞቅ ስታደርገው በውስጡ የሚሄደው ብርሃን ይዘገያል። ሁለት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ሲሄዱ አስብ። እግራቸው ከገጠመ ደህና ይሄዳሉ፤ አንዱ ግማሽ እርምጃ ከዘገየ ሁለቱም ይንገዳገዳሉ። ብርሃንም እንደዚያው ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ከገጠሙ ይደምቃሉ፣ ካልገጠሙ ይጠፋፋሉ። እኔ እንግዲህ ሙቀቱን ከፍ ዝቅ እያደረግሁ ብርሃኑን እንደ በገና እቃኘዋለሁ።»

ቅኝት የምትለዋን ቃል በጣም ይወዳት ነበር። በልጅነቱ ዲማ ቅኔ ቤት ተቀምጧል፤ ይህንንም ሳይናገር የዋለበት ቀን ትዝ አይለኝም። እንግዳው «አይ ጥበብ!» ይልና መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ይጠይቃል። ዶክተር ልየው ደግሞ በእኔ በኩል ወደ በሩ ሲያልፍ «ይሄ ማሞቂያዋን የሚያዞርልኝ ልጅ ነው» ብሎ ያስተዋውቀኛል። ልጅ! የሦስት ልጆች አባት እኮ ነኝ። አንጀቴ እያረረ «እሺ ዶክተር» እላለሁ።

ሥራውን ሲሰጠኝ የሆነውን አልረሳም። አንድ ወረቀት ዘረጋልኝ፤ በላዩ ላይ 2:00፣ 3:00፣ 4:00 ተብሎ ተጽፏል። «በእነዚህ ሰዓቶች ማሞቂያውን አንድ አንድ እርከን እየጨመርክ ደብተሩ ላይ ትጽፋለህ። ብርሃኑን ማሽኑ ራሱ ይመዘግባል። ስክሪኑን እንዳትነካ!» አለኝ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ በእንግሊዝኛ «በፈረንጅ ሰዓት» አለና ወጣ።

ሰምቼዋለሁ። አልሰማሁም ብል እዋሻለሁ። ነገር ግን ለሰውዬው የነበረኝ ንቀት! «ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ምን የፈረንጅ ሰዓት ያስቆጥረኛል?» አልኩ በሆዴ። ሁለት ሰዓት ማለት ለእኔ ጠዋት ሠራተኛ የሚፈርምበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ጠዋት በሁለት፣ በሦስትና በአራት ሰዓት ማሞቂያውን አዞርኩ፤ ደብተሩ ላይም 2፣ 3፣ 4 ብዬ ጻፍኩ። «ጠዋት» የምትል ቃል አልጨመርኩም። ከአራት ሰዓት በኋላ ማዞሪያውን ወደ ዜሮ መልሼ ሥራዬን ጨረስኩ እላለሁ። እሱ ጠዋት ጠዋት ሲያስተምር ይውላል፤ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ አለበት። አመሻሽ ላይ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ይመጣና ማሽኑ የመዘገበውንና እኔ የጻፍኩትን ጎን ለጎን ያያል።

አንድ ቀን በዚያው በአሥራ አንድ ሰዓት ከላቦራቶሪው እየሮጠ ወጣ። «ተቃኘ! ተቃኘ!» እያለ ከረባቱ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። ማሽኑ በራሱ ሰዓት አቆጣጠር በ2፣ በ3ና በ4 ላይ ብርሃኑ ሲወርድና ሲወጣ አሳይቷል። የእኔም ደብተር 2፣ 3፣ 4 ይላል። ቁርጥ ተገናኙ! ግንባሬን ሳመኝ። እኔም ደስ ያለኝ መሰልኩ።

ከዚያማ ማን ይቻለው! ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ቀጠልን። ደመና በዋለ ቀን ብርሃኑ ንቅንቅ ሳይል ሲቀር «ዛሬ መብራቱ ተዛብቷል» ይልና ያንን ቀን ይሰርዘዋል። ክረምት ሲገባ ጭራሽ ምንም የለም። ለዚህም መልስ አላጣም፤ እርጥበት ቅኝትን እንዴት እንደሚያዛባ ግማሽ ገጽ ጻፈ። ጥናቱ ሲታተም እያገላበጥኩ ስሜን ፈለግሁ። የለም። በፋንታው «ማስተካከያዎችንና ምዝገባውን ሁሉ ደራሲው በራሱ እጅ አከናውኗል» የሚል ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። ደሜ ፈላ። በራሱ እጅ! ማዞሪያው የት እንዳለ እንኳን አያውቅም።

ማዕከሉ ዋናው በር ላይ «ብርሃን የተቃኘበት ማዕከል» የሚል ባነር ሰቀለ። ዳይሬክተሩ ነጭ ጋወን ተውሶ ቺፗን ገልብጦ ይዞ ፎቶ ተነሣ። ያ ፎቶ እስካሁን ቢሮው ግድግዳ ላይ አለ፤ ቺፗም እስካሁን እንደተገለበጠች ናት።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ኅዳር ጽዮን ደረሰች። እኔ ቤተ ክርስቲያን ዋልኩ፤ ሥራም አልገባሁ፣ ማሞቂያም አልነካሁ። ማሽኑ ግን እንደ ልማዱ ሲመዘግብ ውሏል። በማግሥቱ ዶክተር ልየው ወረቀቱን ይዞ መጣ።

«ሙሉቀን፣ ትላንት ደብተሩ ላይ አልጻፍክም።»

«ትላንት ጽዮን ነበረች ዶክተር። አልገባሁም።»

«ማሞቂያውን ማን አዞረው?»

«ማንም።»

ወረቀቱን አየ። እኔን አየ። ወረቀቱ ላይ ብርሃኑ በ2፣ በ3ና በ4 እንደወትሮው ተነሥቶ ወድቋል። «ታዲያ ማን ቃኘው?» አለ፤ ድምፁ እንደ ሕፃን ነበር። ከዚያ «ሁልጊዜ የምታዞረው በስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።

«በሁለት ሰዓት።»

«በፈረንጅ?»

«በሀበሻ… ጠዋት ነው።»

ፊቱ አመድ መሰለ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አሁን ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ቴስተር አምጣ አለኝና የማሞቂያዋን ሽቦ ለካ። ሽቦዋ ተበጥሳለች። ዓይን የማያያት ቀጭን ነገር ናት፤ መቼ እንደተበጠሰች እግዜር ይወቅ፣ ምናልባት ቺፗ ስትመጣ ጀምሮ። እኔ ሁለት ዓመት ጠዋት ጠዋት ሳዞር የኖርኩት ከምንም ጋር ያልተገናኘ ማዞሪያ ነው። ከሰዓት በኋላ ሁለታችንም ስክሪኑ ፊት ተቀመጥን። በሀበሻ ስምንት ሰዓት፣ ማሽኑ 2 በሚለው ሰዓት ማለት ነው፣ ፀሐይ በምዕራቡ መስኮት ገብታ ጠረጴዛው ላይ አረፈች። ክፍሉ ሞቀ። ስክሪኑ ላይ የቺፗ ብርሃን ተነሣ።

መስኮቱን በአንሶላ ሸፈነው፤ ብርሃኑ ቆመ። መዳፉን ወደ ቺፗ አስጠጋ፤ ብርሃኑ እንደገና ተንቀሳቀሰ። ያን ጊዜ መሳቅ ጀመረ። እየሳቀ እንባው ወረደ። «ሙሉቀን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የፀሐይ ረዳት ሆነን ሠርተናል እኮ!» አለኝ። «ይቅርታ ዶክተር» አልኩት። «ተው እባክህ፤ ተነሥ መጋረጃ እንግዛ» አለ።

ገበያ ወርደን ወፍራም ጥቁር ጨርቅ ጠየቅን። ባለሱቋ ደንግጣ «ማን ሞቶብዎት ነው አባባ?» አለችው። «ሥራ ነው የሞተብኝ፣ የሁለት ዓመት» አላት። ነፍስ ይማር አለችን።

እንግዲህ ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር። እኔ ብሆን ዝም እል ነበር፤ ዝምም ብያለሁ። እሱ ግን በማግሥቱ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባ፤ እኔም ደብተሩን ይዤ ተከተልኩት።

«ዶክተር፣ ይህን ነገር ማን ጠየቀዎት?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ማንም አልጠየቀኝም።»

«ከመጽሔቱ ቅሬታ መጣ?»

«አልመጣም።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅዎታል? ተቃኝቷል አይደል? ማሞቂያም ቃኘው ፀሐይ፣ መቃኘቱን ተቃኝቷል!»

ዶክተር ልየው ትክ ብሎ አየውና ወጣ። በዚያው ሳምንት በሠራተኛ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ተነሣ። «ብርሃኑን የቃኘሁት እኔ አይደለሁም፤ የምዕራቡ መስኮት ነው። ሰዓት ተምታቶ ነው። ያምታታሁትም እኔ ነኝ» አለ። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ክው ብዬ ቀረሁ። «እኔ ነኝ» ሲል ወደ እኔ እንኳን ዞር አላለም። ጥናቱ ላይ ሁሉን በራሴ እጅ መዘገብኩ ብሏላ፤ ማን ሌላ ሰው ይጠይቃል? ስሜን ትቶ የሰረቀኝ ሰውዬ፣ በዚያው በተወው ቦታ ደበቀኝ።

አመሰገንኩት መሰላችሁ? ምን ቆርጦኝ! ሞኝ ነው አልኩ። ክብሩን በገዛ አፉ በላው አልኩ። ባልደረቦቻችን «ዶክተር መጋረጃ» የሚል ስም ሲያወጡለት ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ፤ በእኔ እንዳይጠረጥሩ።

ባነሩን አውርዱልኝ ብሎ ደብዳቤ ጻፈ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። አንድ ቀን መሰላል አስመጥቶ በከረባቱ ወጣና ራሱ አወረደው። መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሰኞ ስንገባ መልሰው ሰቅለውታል። እንደገና አወረደው። በሦስተኛው በብሎን አሰሩት። የውጭዎቹ አጋሮቹም ሌላ ቺፕ ላኩልኝ ቢላቸው መልስ መስጠት አቆሙ። ከዚያ በኋላ ከሰዓት በኋላ መጋረጃውን እየከፈተና እየዘጋ፣ ፀሐይዋ ብርሃኑን በምን ያህል እንደምታዘገየው ሲለካ ይውል ነበር። «ይሄ ምን ይጠቅማል ዶክተር?» ብዬ ብጠይቀው «የተሳሳትኩበትን ነገር እንኳን በትክክል ልወቀው እንጂ» አለኝ። ደብተሩን የሚይዘው ግን አሁንም እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን እንኳን «በዚህኛው ሰዓት ጻፍ፣ በዚያኛው ጻፍ» አላለኝም። እኔ ራሴ «ጠዋት» እና «ከሰዓት» እያልኩ መጻፍ ጀመርኩ።

ከዚያ ታመመ፤ ቃል አስገባኝ፤ ሞተ።

ልቅሶ ቤት ስገባ ባለቤቱ ወይዘሮ እንጉዳይ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ዳይሬክተሩ አስተይቦ የላከውን የሕይወት ታሪክ ሰጡኝና «ከሁሉ የምትቀርበው አንተ ነህ፤ አንተ አንብበው» አሉኝ። ገረፍ አድርጌ አየሁት። ያቺ መስመር አለች፤ «ብርሃንን በቺፕ ላይ በመቃኘት ማዕከላችንን ያስጠሩ» ትላለች።

«እትዬ፣ ይህችን እንኳን ዶክተር ራሳቸው…»

«እንዳትዘላት!» አሉኝ። «እኔ ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፤ እሱ ሰዓት የሚያምታታ ሰው አይደለም። ሌላ ሰው ነው ጉድ የሠራው። ስሙን ያጠፋበት ያ ሰው ነው። ማነው ብዬ ብጠይቀው አንድ ቀን እንኳን በደህና አልመለሰልኝም። አብራችሁ ነበራችሁ፤ አንተ ታውቀዋለህ?»

የንፍሮው ሳህን ላይ ዓይኔን ተክዬ «አላውቀውም እትዬ» አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ! ሰው እኮ አንዳንዴ ለራሱም ይቀፋል።

ቀብሩ የትውልድ አገሩ ዲማ ነበር። ማዕከሉ አውቶቡስ አቀረበ፤ መንገዱን ሙሉ ዳይሬክተሩ ስለ ሟቹ ትሕትና ሲያወራ ሄደ። ከአውቶቡሱ ወርደን በእግር ስንሄድ አስከሬኑን ከያዙት አንዱ ሆንኩ። ከፊቴ ያለው ሰው እርምጃው ፈጣን ነው፤ እኔ ዘገየሁ፤ ቃሬዛው ተንገዳገደ። «ግጠም እንጂ!» አለኝ ሰውዬው። እርምጃዬን አስተካክዬ ገጠምኩ።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወረቀቱን ይዤ ቆምኩ። ትውልዱን አነበብኩ፣ ቅኔ ቤቱን አነበብኩ፣ ትምህርቱን አነበብኩ። እዚያች መስመር ላይ ስደርስ ቆምኩ። ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ወይዘሮ እንጉዳይ ቀና ብለው አዩኝ። ቃሌን ልጠብቅ ብዘላት ሴትዮዋ ባላቸውን የቀማሁባቸው ይመስላቸዋል። ባነባት ሰውዬውን ሁለተኛ እቀብረዋለሁ። ዘልዬ ዝም የምልበት መንገድ አልነበረም፤ የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ዶክተር ልየው ብርሃንን አልቃኙም» አልኩ። ሕዝቡ አጉረመረመ። «ተሳስተው ነበር። ስሕተታቸውን ራሳቸው አገኙ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ራሳቸው ተናገሩ። ሰዓቱን ያምታታሁት እኔ ነኝ ብለው ነበር፤ ዋሽተዋል። በፈረንጅ ሰዓት ሥራ ብለውኝ በንቀት በሀበሻ የሠራሁት፣ ደብተሩንም የጻፍኩት እኔ ሙሉቀን ነኝ።»

ዳይሬክተሩ ወረቀቱን ሊቀማኝ እጁን ዘረጋ። «ቀብር ላይ እንዲህ ይባላል? አታፍርም?» አለኝ። አፍሬያለሁ፤ ግን እሱ ባለው ነገር አልነበረም።

ወይዘሮ እንጉዳይ ሰዉን እየገፉ መጡ። በጥፊ የሚሉኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እትዬ።»

ዓይኔን ስገልጥ እንባቸው እየወረደ ነው። «አራት ዓመት ማነው፣ ማነው እያልኩ ስጨቀጭቀው» አሉ፤ «‹እንጉዳይ፣ ፀሐይ ናት አልኩሽ እኮ። ፀሐይን ምን ልታደርጊያት ነው?› ይለኝ ነበር።»

ከዚያ የዳይሬክተሩን እጅ ከወረቀቱ ላይ አነሡና «በል ጨርሰው» አሉኝ።

ቀሪውን አነበብኩ። አንቱ እያለ ነው የተጻፈው። እኔም አንቱ አልኳቸው፤ በሌሉበት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከልቤ።